የሌተርሞር ድንጋይ፦ ከጋሼ ጋር በስኮትላንድ ደጋ አምስት ቀን

ሐሙስ

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጎጃም ውስጥ በዳኝነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ግላስጎ እኔ ጋ የመጡት ለሦስት ሳምንት ነው። “ምን ላሳይዎት?” ስላቸው ቤተ መንግሥት ወይም ሙዚየም የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከዓመት በፊት በስልክ የላክሁላቸውን አንድ ፎቶ አልረሱትም። ጫካ ውስጥ ያለ የድንጋይ ቁልል ነው። “ሰው የተገደለበት ያልሽኝ ቦታ ውሰጂኝ” አሉ።

ጠዋት በአውቶቡስ ወጣን። መንገዱ የሎክ ሎሞንድን ሐይቅ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ታይንድረም የምትባል ትንሽ መንደር አለፍንና ዛፉ እየሳሳ መጣ። ከዚያ ራኖክ ሙር የሚሉት ረግረግ ሜዳ ተዘረጋ። ውሃ፣ ድንጋይ፣ ቡናማ ሣር፣ ደግሞ ውሃ። ጋሼ የመስኮቱን ጉም በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ “እዚህ ሰው የሚኖረው የት ነው?” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ጭስ አላየንም።

ዳቦ ቆሎ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እሳቸው ደብተር አወጡ። ጋሼ ዛሬም ነገር የሚገባቸው እንደ ክስ መዝገብ ሲጻፍ ነው። “በይ፣ ከሥሩ ጀምሪ” አሉኝ። እኔም ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1745 እዚህ ደጋ ውስጥ አመፅ ተነሣ። ከዙፋን የወረደው የስቴዋርት ንጉሣዊ ዘር ይመለስልን የሚል አመፅ ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 1746 ካሎደን ላይ አመፀኞቹ ድል ሆኑ። አፒን በምትባለው በዚሁ ደጋ አውራጃ የሚኖሩትን ስቴዋርቶች ጦር የመራው የአርድሺል ባላባት ቻርልስ ስቴዋርት ነበር። እሱ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። መሬቱን መንግሥት ወረሰው። በ1749 ደግሞ በተወረሰው መሬት ላይ ግብር የሚሰበስብ ሹም ተሾመ። ስሙ ኮሊን ካምቤል ነው። የግሌኑር ባላባት ስለሆነ ሰዉ “ግሌኑር” ይለዋል። ካምቤሎች በአመፁ ጊዜ ከመንግሥት ጎን የቆሙ ኃይለኛ ጎሳ ናቸው። ከጎረቤቶቻቸው ጋር የቆየ ቂም አለባቸው።

“ምስለኔ በይው” አሉ ጋሼ፣ እየጻፉ።

“አዎ፣ ምስለኔ።”

“ወራሽ ነኝ የሚልስ እዚያ ቀርቷል?”

ቀርቷል። ጄምስ ስቴዋርት፣ የሸሸው ባላባት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ወንድም። በገሊክ ቋንቋ “ሼመስ አ ግሊኝ” ይሉታል፣ የሸለቆው ጄምስ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ከግሌኑር ጋር ተስማምቶ ይሠራ ነበር። ከጭሰኞቹ ግብር በመሰብሰብ ያግዘዋል። የተረፈችውን ደግሞ ፈረንሳይ ለተሰደደው የወንድሙ ቤተሰብ ይልካል። ግሌኑር አላወቀም ማለት ይከብዳል። እሱም ቢሆን እናቱ ከካሜሮኖች ናት፣ ከአመፀኛው ጎሳ። አለቆቹ “ለአመፀኛ ታዝናለህ” እያሉ ይጠረጥሩታል። ጫናው ሲበረታ ጠነከረ። በ1751 ጄምስን ራሱን ከሸለቆው አስነሣው። በቀጣዩ ዓመት ጭሰኞቹን ሊያስለቅቅ ቀን ቆረጠ፤ ሜይ 15፣ 1752። ጄምስ ኤድንብራ ድረስ ሄዶ አቤት አለ። እግድ አገኘ። እግዱ ብዙ ሳይቆይ ተነሣ።

ጋሼ እስክሪብቷቸውን አቆሙ። “ሁለቱም በሁለት ወገን ተይዘዋል” አሉ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ከሥሯ አሰመሩባት።

አውቶቡሱ ቁልቁል ወደ ግሌንኮ መውረድ ጀመረ። በግራ በኩል “ሦስቱ እህትማማቾች” የሚባሉት ተራሮች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ጋሼ ደብተሩን ዘጉ። እስክንወርድ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ዓርብ

ግሌንኮ መንደር ውስጥ፣ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ ረጅም የድንጋይ መስቀል አለ። በ1883 የቆመ ነው። የሚያስታውሰው ሌላ እልቂት ነው፤ ከእኛ ጉዳይ 60 ዓመት ቀድሞ የሆነውን። ሳያዩት ማለፍ ግን አይቻልም፣ የዚህ አገር ቂም የሚጀመረው እዚህ ነውና።

የግሌንኮ ማክዶናልዶች አለቃ ለአዲሱ ንጉሥ ታማኝነቱን በመሐላ እንዲያረጋግጥ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1692 ተሰጥቶት ነበር። ሽማግሌው መጀመሪያ የሄደው ወደማይሆን ቦታ ነው። “እዚህ አይደለም፣ ኢንቬራሪ ሂድ” አሉት። በክረምት ተጉዞ ሲደርስ ቀኑ አልፏል። ከዚያ ወደ 120 የሚሆኑ ወታደሮች በሮበርት ካምቤል መሪነት ወደ ሸለቆው መጡ። ማክዶናልዶቹ በየቤታቸው ተቀበሏቸው። አበሏቸው፣ አጠጧቸው፣ ካርታ አብረው ተጫወቱ። 12 ቀን ገደማ እንዲህ ከረሙ። ፌብሩዋሪ 13 ሊነጋጋ ሲል ወታደሮቹ በአስተናጋጆቻቸው ላይ ተነሡ። 38 ሰው ገደሉ። ብዙ ሴትና ሕፃን ደግሞ በበረዶው ውስጥ ሲሸሽ አለቀ።

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ወጪት ሰባሪ” አሉ፣ ቀስ ብለው። የስኮትላንድ ሕግ ያኔ ይህን ድርጊት የሚጠራበት የራሱ ስም እንደነበረው ነገርኳቸው፤ አምኖ በተጠጋ ሰው ላይ የተፈጸመ ግድያ፣ ከተራው ግድያ የከበደ። ራሳቸውን ነቀነቁ። “እኛ ስም ብቻ ነው ያወጣንለት። እነሱ አንቀጽ አወጡለት” አሉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባላሁሊሽ ሄድን። አዳራችን እዚያ ነው። መንደሩ የጥቁር ድንጋይ አገር ነው። ለጣሪያ ክዳን የሚሆነውን ስስ ድንጋይ ከ1693 ጀምሮ እስከ 1955 ድረስ ፈልጠውታል። ዛሬ የካባው ጉድጓድ ውሃ ተኝቶበታል። ጋሼ አንዷን ቅጠል የመሰለች ድንጋይ አንሥተው በጣታቸው ሲመቷት እንደ ሸክላ ጮኸች። ኪሳቸው ከተቷት።

ቅዳሜ

ዛሬ ሜይ 14 ነው። ቀኑን የመረጥኩት አስቤበት ነው።

ቁርስ ላይ ለጋሼ ስነግራቸው ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ። “በየትኛው አቆጣጠር?” ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። ስልኬን አወጣሁና አብረን አሰላን። ለካ ብሪታንያ አቆጣጠሯን የቀየረችው በዚያው በ1752 ነው። በሴፕቴምበር 2 ማግስት 14 ሆነ፣ 11 ቀን ተዘለለ። ግድያው በአሮጌው ቀን አቆጣጠር፣ ፍርዱ በአዲሱ ማለት ነው። በእኛ ግድያው ግንቦት 19 ቀን 1744 ላይ ይውላል። ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው፣ እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ አገር የሚያስተዳድሩበት ዘመን። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እስከዚያ ሰዓት ታሪኩ የሩቅ ፈረንጅ ታሪክ ነበር። ቁስቋም ስትታነጽ በዓይናቸው ታየቻቸው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሟቹ ሲያወሩ ዘመዳቸውን ያህል ነው።

ታክሲ ከአፒን መንገድ ዳር አወረደን። ምልክቱ ትንሽ ነው፣ ያላወቀ ያልፈዋል። መንገዱ ወዲያው ጫካ ይገባና ሽቅብ ይወጣል። ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከዘራቸውን እየተከሉ፣ እየቆሙ፣ “አይዞሽ” እያሉኝ ወጡ። እኔ ነበርኩ አይዞዎት ማለት ያለብኝ።

ጫካው ሌተርሞር ይባላል። ሌሊቱን ዘንቧል። እግራችን ሥር የጥድ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ይለሰልሳል። በግራ በቀኝ ሰማያዊ አበባ ፈክቷል፣ በዚህ ወር ብቻ የሚመጣው። ከታች በዛፎቹ መካከል የባሕሩ ውሃ ብልጭ ይላል። አንድ ወፍ ከሩቅ “ኩኩ” እያለ ይጮኻል፤ ይቆምና ደግሞ ይጀምራል።

ቁልሉ ድንገት ነው የመጣው። ክብ፣ ከሥሩ ሰፊ፣ ወደ ላይ የሚጠብ የድንጋይ ክምር። ኮሊን ካምቤል የተገደለበት ቦታ ይህ እንደሆነና ቀኑን የሚናገር ጽሑፍ አለው። ሌላ ነገር አይልም። ማን እንደ ገደለው አይልም። ለምን እንደ ሞተም አይልም።

ቀርቤ አየሁት። የድንጋይ ሽበት ወሮታል፣ ነጭ፣ አመድማ፣ አንዳንድ ቦታ ብርቱካንማ። በሁለት ድንጋይ መሐል ባለች ስንጥቅ ውስጥ ትንሽ ፈርን በቅላለች። ከሥሯ አንድ ቀንድ አውጣ በጣም በቀስታ እየሄደ የሚያበራ መስመር ይተዋል። አንድ ሰው የዛገች የአንድ ሳንቲም ገንዘብ አስቀምጧል። አበባ የለም።

ጋሼ ግን ድንጋዩን አላዩም። ጀርባቸውን ወደ ተራራው ሰጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። “እንዲህ ነበር የሚሄደው?” አሉ።

እንዲህ ነበር። ግሌኑር ከፎርት ዊልያም መጥቶ ባላሁሊሽ ላይ ጠባቡን የባሕር ክንድ በጀልባ ተሻገረ። ኬንታለን አድሮ በማግሥቱ ጭሰኞቹን ሊያስለቅቅ ነው። አብረውት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የወንድሙ ልጅ ሙንጎ ካምቤል፣ አንድ የፍርድ ቤት መልእክተኛና አሽከሩ። አመሻሽ ላይ እዚህ ሲደርሱ ከላይ ከዳገቱ ተኩስ ተሰማ። ጥይቱ ከኋላ ነው የመታው። አንድ ተኩስ፣ ሁለት እርሳስ። ሙንጎ ቀና ብሎ ሲያይ አጭር ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ጠመንጃ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ፊቱን አላየውም። ግሌኑር ብዙም አልቆየ፣ እዚሁ መንገድ ላይ ነፍሱ ወጣች።

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አዙረው ማጅራታቸውን ዳሰሱ። ሳያውቁት ይመስለኛል። “ከኋላ” አሉ። “አላየም።” ከዚያ ከዘራቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው፣ ከሥር ወድቃ የነበረች ድንጋይ አነሡና ከቁልሉ ላይ አኖሯት።

በዚህ አገር ገሊክ የሚናገሩ ሰዎች “ኩሪ ሚ ክላኽ ኧር ዶ ኻርን” ይላሉ። በቁልልህ ላይ ድንጋይ አኖራለሁ ማለት ነው። አልረሳህም፣ ውለታህ አለብኝ ሲሉ ነው። ይህን ለጋሼ ቀድሜ አልነገርኳቸውም። ድንጋዩን ካኖሩ በኋላ ነው የነገርኳቸው። ዝም ብለው ሌላ አነሡና ለእኔ ሰጡኝ።

እውነቱን ልናገር። ይህን ታሪክ ካወቅሁት ጀምሮ ልቤ በዚህ ግድያ ተከስሶ ከተሰቀለው ከጄምስ ጋር ነበር። እዚህ የሚመጣውም ሰው አብዛኛው እንደዚያ ነው። ግሌኑር የክፉው ሰው ስም ሆኖ ቀርቷል። “ቀይ ቀበሮ” እያሉ ይጠሩታል። መሬት የነጠቀ፣ ሰው ያፈናቀለ። ሥራው ልክ ነበር አልልም፤ በማግሥቱ ሜዳ ላይ የሚወድቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ነገር ግን ከዚህች ቦታ ቆሞ፣ መንገዱ የቱን ያህል ጠባብ እንደሆነ አይቶ፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው እንዴት እንደተመታ አስቦ፣ “ይበለው” ማለት አልቻልኩም። ካገባ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ድንጋዬን ከጋሼ ድንጋይ አጠገብ አኖርኩ።

ቴርሞስ ይዘን ነበር። አንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠን ቡና ጠጣን። ጋሼ ደብተራቸውን ዘረጉ። “ተጠርጣሪ” አሉ።

አለን ብሬክ ስቴዋርት። ጄምስ ያሳደገው ልጅ ነው። “ብሬክ” ፊቱ ፈንጣጣ የነካው ማለት ነው። ከእንግሊዝ ጦር ከድቶ ወደ አመፀኞቹ ገብቷል፤ ካሎደን ላይ ሲሸነፉ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ እዚያ ወታደር ሆኗል። በዚያ ፀደይ እዚህ አካባቢ ነበር። ግሌኑር ላይ ሲዝት የሰሙት አሉ። የተለመደ ልብሱን ትቶ የጄምስን ጥቁር አጭር ኮት ለብሶ ነበር። ከግድያው በኋላ ተሸሸገ። ጄምስ ገንዘብና ልብስ ላከለት። አለን ፈረንሳይ ገባ። ጄምስ ግን እቤቱ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ያዙት።

“የያዙት ያልሸሸውን ነው” አሉ ጋሼ።

ከዚያ በኋላ ስለ አገራችን አውጫጭኝ ነገሩኝ። ልጅ ሆነው አይተዋል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ሥራ የለም፣ እርሻ የለም፣ ቤት መግባት የለም። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ። አንዱ ይደክመዋል፣ ወይም ኅሊናው ይቆረቁረውና “ወፍ ነገረኝ” ብሎ ይናገራል። “እዚህስ ወፍ አልነበረም?” አሉኝ፣ ወደዚያች ኩኩ ወደምትለው ጆሯቸውን ሰጥተው።

አልነበረም። ወታደር መጣ፣ ሰው ታሠረ፣ ቤት ተፈተሸ። ሌሎች ስሞች እስከ ዛሬ ይነሣሉ። በዘር ተዋርዶ የመጣ ምስጢር አለ ይባላል፤ ገዳዩን የሚያውቁ የአፒን ስቴዋርቶች ለልጆቻቸው ብቻ እየነገሩ ቆይተዋል ተብሎ። ጄምስ በሚሰቀልበት ቀን እውነተኛው ገዳይ “እኔ ነኝ” ብሎ እንዳይወጣ ዘመዶቹ አስረው ያዙት የሚል አፈ ታሪክም አለ። በ2001 አንዲት የስቴዋርት ዘር አዛውንት ነገሩን የዶለቱት አራት ወጣት ባላባቶች ናቸው፣ የተኮሰውም የባላሁሊሹ ዶናልድ ስቴዋርት ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። ጋሼ ይህንን በሌላ ገጽ ጻፉት። “ስሚ ስሚ ማስረጃ አይሆንም። ግን ይመዘገባል።”

ከተቀመጥንበት ስንነሣ ጋቢያቸው እርጥብ ሆኗል። አልተሰማቸውም።

ቁልቁል ወርደን ወደ ባላሁሊሽ ድልድይ በባሕሩ ዳር ተመለስን። ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ አሁን የብስክሌት መንገድ ነው፣ ለጥ ያለ፣ ለጋሼ ጉልበት የተመቸ። በቀስታ ነው የሄድነው። ይህን ልብ በሉልኝ፦ በእግር ተሄዶ ከሟቹ ድንጋይ ወደ ተሰቀለው ድንጋይ ይደረሳል። በመኪና የደቂቃዎች ነገር ነው።

የጄምስ መታሰቢያ ከድልድዩ ደቡብ ጫፍ፣ ጉብታ ላይ ነው። ድሮ ጀልባው የሚሻገርበት ቦታ ነው፤ ድልድዩ የተሠራው ገና በ1975 ነው። እዚያ የሰቀሉት አሻግሮ የሚመጣ፣ የሚሄድ ሁሉ እንዲያየው ነው። ኖቬምበር 8 ቀን 1752፣ ነፋስና ዝናብ ሲያናውጥ። ሬሳውን በሰንሰለት አንጠልጥለው ለወራት በወታደር አስጠበቁት። ሚስቱም ልጆቹም እዚያው ሠፈር ነበሩ።

ሐውልቱን የስቴዋርት ማኅበር በ1911 አቆመው። ከላይ የተቀመጠው ድንጋይ ጄምስ ይኖርበት ከነበረው ከአኻርን የመጣ ነው። ጽሑፉ ጥፋተኛ ባልነበረበት ወንጀል እዚህ ቦታ ተቀጣ ይላል። ጋሼ አስነበቡኝና እንደገና አስነበቡኝ። የመንግሥት ሕግ ጥፋተኛ ያለውን ሰው ድንጋዩ ነፃ ብሎታል።

ጄምስ የመስቀያው መሰላል ላይ ቆሞ ዳዊት ደገመ አልኳቸው። የኔ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 35 ይለዋል። በደጋው ገሊክ ተናጋሪ ዘንድ እስከ ዛሬ “የሸለቆው ጄምስ መዝሙር” ይባላል። ጋሼ ከደረት ኪሳቸው ትንሿን ዳዊት አወጡ። በኛ 34ኛው ነው። አልገለጡትም፣ በቃላቸው ነው። “ግፍዖሙ እግዚኦ...” ብለው ጀመሩ። ሐሰተኛ ምስክሮች ተነሡብኝ፣ የማላውቀውን ጠየቁኝ የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቆረጠ። ከድልድዩ ላይ መኪኖች ያልፋሉ። ጥቂት ጠብቀው እስከ መጨረሻው ደገሙት።

ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በዚህ ወር እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት አይጨልምም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ውሃውን ሲያዩ ትቼያቸው ተኛሁ።

እሑድ

ዱሮር። ዝናብ።

አውቶቡሱ 40 ደቂቃ ዘገየ። ከዝናብ የምንጠለልበት ስላልነበረ ጋሼ በጋቢያቸው እኔንም ሸፈኑኝ።

ኪል የሚባል የፈረሰ ጸሎት ቤት አለ፣ ከባሕሩ አጠገብ። ጣሪያ የለውም፣ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። የጄምስ አፅም በመጨረሻ ተሰብስቦ የተቀበረው እዚህ ነው፣ ከአርድሺል ቤተሰብ ጋር። ጋሼ በሩ የነበረበትን ደፍ ተሳልመው ገቡ። ብዙ አልቆየንም። እርጥቡ ሣር ጫማችንን ዘለቀው።

ወደ ኦባን ስንሄድ የክሬራን ባሕር ሰርጥ ጫፍ በግራ በኩል ታየን። ከዚያ በላይ ያለው ሸለቆ ውስጥ ነው የግሌኑር ቤት። መቃብሩ አርድቻተን በሚባል የጥንት ገዳም ነው። ጋሼ “እዚያስ?” አሉኝ። አውቶቡሱ እንደማይሄድ፣ ከመንገዱ ብዙ ገባ እንደሚል ነገርኳቸው። ሌላ ቀን የለንም። ዝም አሉ። ዝምታቸው አልተመቸኝም። ኦባን ልንደርስ ስንል “ለአንዱ ወረድን፣ ለአንዱ አልወረድንም” አሉ። ዳኛ ናቸው፣ ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ አይሆንላቸውም።

ሰኞ

ወደ ግላስጎ የመለሰን አውቶቡስ በኢንቬራሪ ያልፋል። ወርደን ሁለት ሰዓት ቆየን።

ከተማዋ ነጭ ናት፣ ንጹሕ፣ ውሃ ዳር የተሠራች። የካምቤሎች መስፍን፣ የአርጋይል መስፍን፣ መናገሻ ናት። ጄምስ የተፈረደበት እዚህ ነው፣ ከሴፕቴምበር 21 ጀምሮ በ1752። ክሱ ተባባሪ ነህ የሚል ነው፣ ገድለሃል እንኳ አይልም። ሰብሳቢ ዳኛው ማን ነበር? ራሱ የአርጋይል መስፍን፣ የካምቤሎች አለቃ። ጉዳዩን አይተው የሚፈርዱት ጁሪዎች 15 ነበሩ። 11ዱ ካምቤሎች ናቸው።

ይህን ከነገርኳቸው ቆይቻለሁ። እዚህ ሲደርሱ ግን እንደ አዲስ ተናደዱ። መንገድ ላይ ቆመው “አሥራ አምስት ዳኛ! አሥራ አንዱ የሟች ወገን!” አሉ፣ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየን። ከዚያ ዝቅ ብለው፣ “ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ” አሉ። እኔ በሕይወቴ ይህን ተረት እንደዚህ በመረረ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ጋሼ በአንድ ወቅት ተከሳሹ የአክስታቸው ልጅ በመሆኑ ራሳቸውን ከችሎት አንሥተው ነበር። ዘመድ ሳይቀር ተቀይሟቸዋል። እናቴ ደጋግማ ትነግረኝ ነበር። እሳቸው አያነሡትም።

የድሮው እስር ቤትና ፍርድ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ሕንፃው ግን የ1820 ነው። የጄምስ ችሎት የተቀመጠባት አሮጌዋ ኢንቬራሪ መስፍኑ ከተማዋን በአዲስ መልክ ሲያሠራ ፈርሳለች። ጋሼ የችሎት አዳራሹን ከበር ላይ አይተው ተመለሱ። አልገቡም።

“ይግባኝስ አልተጠየቀለትም?” አሉኝ።

ተጠይቋል። በኛ ዕድሜ ሳይቀር። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ማመልከቻ ገብቶ በ2008 የስኮትላንድ የወንጀል ጉዳዮች ገምጋሚ ኮሚሽን አልቀበልም አለ። በጣም አሮጌ ነው፣ ለፍትሕ ጥቅም የለውም በሚል። ጋሼ ይህን ሲጽፉ እጃቸው ከረር ይላል። “ድንጋዩ ግን አሮጌ ነው አላለም” አሉ።

ከኢንቬራሪ ወደ ግላስጎ የሚወስደው መንገድ ላይ ከፍ ያለ የተራራ በር አለ። ስሙ “ዐርፈህ አመስግን” ማለት ነው፤ መንገዱን የሠሩ ወታደሮች ድንጋይ ላይ ቀርጸው የተዉት ስም ነው ይባላል። አውቶቡሱ እያቃሰተ ሲወጣው ጋሼ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበቡልኝ። ሟች፣ ኮሊን ካምቤል። የተቀጣ፣ ጄምስ ስቴዋርት። የጠፋ፣ አለን ብሬክ። ምስክሮች። ቀን፣ በሁለቱም አቆጣጠር። በእኔ ኪስ ገብታ የነበረችውን የአበባ ቅጠል ሳይቀር ሌተርሞር ገጽ ላይ ለጥፈዋታል።

በመጨረሻው ገጽ ግርጌ ቦታ ትተዋል። እዚያ ዳኞች ፋይል ሲያበቃ የሚጽፏት ዐረፍተ ነገር እንደምትገባ አውቃለሁ፤ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ። ልጅ ሆኜ ቢሯቸው ስሄድ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

“ይዘጉታል?” አልኳቸው።

እስክሪብቷቸውን ደረት ኪሳቸው ከዳዊቷ አጠገብ ሰኩ። “አርድቻተን ሳንሄድ? ቀጠሮ ስጪው” አሉ። “ለመጪው ግንቦት።”

ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩት።